የፏፏቴው ድንጋይ

ኣኽበረት እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ለቀስተኛ ሳይመጣ ሻሂ ጣደችና የመኝታ ቤቱን መስኮት ወደ ጓሮው ከፈተች። ባሏ ዘርዓይ ከተቀበረ ወዲህ እሱ ጓሮው ውስጥ የሠራው ፏፏቴ አልፈሰሰም። የጎረቤት ሴቶች ሐዘን ቤት ውስጥ ውሃ ፏፏ ሲል ደግ አይደለም ብለው የውሃ መሳቢያውን ፖምፓ ዘግተውታል። እሷም አልተከራከረችም።

ዛሬ ግን የባሏ ታላቅ ወንድም መንግስትኣብ ማልዶ መጥቶ ከፏፏቴው ሥር ያለውን ኩሬ ዙሪያ በእርምጃው ይለካል። ከፏፏቴው አናት ጠፍጣፋውን ድንጋይ አንሥቶ ሣሩ ላይ ጥሎታል። ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

ለአርባው ዳስ የሚተከልበት ቦታ እንደሌለ፣ ኩሬው ዛሬውኑ አፈር መሞላት እንዳለበት ነገራት። ዳሱ መንገዱ ላይ ይተከል አለችው። ሽማግሌዎች ነፋስ ላይ አይቀመጡም አላት።

"ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ረግረግ ልትጠብቅ ነው ይሉሻል፣ ኣኽበረት።"

"ይበሉ፣ ኣያ መንግስትኣብ። ኩሬው አይነካም።"

ዘርዓይ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። የአገሩ ባንዲራ ወርዶ የችሎቱ ቋንቋ በአፍ መፍቻው ፋንታ አማርኛ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለች አማርኛ ከለመደችው ከሚስቱ ማታ ማታ እየተማረ ሥራውን ቀጠለ፤ ጨዋታው ግን ጠፋ። ጓሮውን መቆፈር የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ከዓዲ ጓዕዳድ መንደር ድንጋይ በጋሪ አስመጣ። መንግስትኣብ ዳክዬ ልታረባ ነው ወይ እያለ ሳቀበት። ዘርዓይ የክረምቱን ዝናብ ከቆርቆሮው አጠራቀመ፤ ያንኑ ውሃ ፖምፓው መልሶ መላልሶ ወደ ላይ ያወጣዋል። መጀመሪያ ውሃው ከድንጋዩ ጀርባ እየሾለከ መሬት ውስጥ ሰረገ። አፈረሰው። እንደገና ሲሠራ የላይኛውን ድንጋይ በትንሹ ወደ ፊት አዘነበለው፤ ከሥሩ ሲሚንቶ ለሰነ።

የቀረው ድምፁ ነበር። እዚህ የቆመ ሰው ልኩን አይሰማም ብሎ እሷን መኝታ ቤት መስኮት ላይ አቆማት፤ እሱ ድንጋዩ ላይ አጎንብሶ ይጠይቃታል።

"እንዴት ነው?"

"ይጮኻል።"

ከሥሩ ስባሪ ድንጋይ ይወትፋል።

"አሁንስ?"

"የበግ ሽንት ይመስላል።"

ዘርዓይ ከስንት ወር በኋላ የሳቀው ያኔ ነው። እየሳቀ ስባሪውን ገፋ፣ መለሰ፣ ገፋ፤ በመጨረሻ "ተወው፣ ይኸው ነው" አለችው።

አሁን የዘርዓይ እናት ኣደይ ጽገ የኣኽበረትንና የመንግስትኣብን ክርክር ሰምተው ከቤት ወጡ። ኩሬውን አይተው ወደ ልጃቸው ወደ መንግስትኣብ ዞሩ። የቀብሩ ዕለት ቧንቧው ደርቆ ነበር፤ ከመቃብር የተመለሰው ሰው ሁሉ ደጅ ላይ እጁን የታጠበው ከዚህ ኩሬ በተቀዳ ውሃ ነው።

"አገሩ ሁሉ በልጄ ውሃ ታጥቦ ገባ" አሉ ቀስ ብለው። "አንዴ አፈር አልብሰነዋል፣ መንግስትኣብ። ይበቃል።"

 መንግስትኣብ ወደ መንገዱ ወጥቶ እዚያ ይለካ ጀመር። ኣደይ ጽገ የዳሱን ቦታ ሊያሳዩት ሲከተሉት ዞር ብለው፣ "ክፈቺው ጓለይ፣ ልጄ። ለሴቶቹ እኔ እነግራቸዋለሁ" አሉ።

ኣኽበረት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ድንጋዩን አንሥታ ሲሚንቶው ላይ የቀረው አሻራ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው። ፖምፓውን ከፈተች። ውሃው በአንድ ጥግ ቀጥኖ ወረደ። የበግ ሽንት ነው። እጇ አላመነታም፤ ስባሪ ድንጋይ ፈልጋ በቀኝ በኩል ወተፈች፣ ጥቂት ገፋችው። ውሃው እንደ ሻሽ ተዘርግቶ ወረደ።

እጇን ከድንጋዩ ሳታነሣ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"እንዴት ነው?"

መስኮቱ ክፍት ነው። ከዚያ ሆኖ የሚሰማላት ሰው የለም።