ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ

ወንድሜ ሠላሳ አንድ ዓመት የአለቆች ሾፌር ነበር። በመሥሪያ ቤቱ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ዘበኛውም ጸሐፊዋም "እሺ ጌታዬ" ነበር የሚሉት፣ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም ብለው። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ሱቄ ከአንድ ጋራዥ ጥግ ላይ ናት፤ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ይዣለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወንድም ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው።

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ሱቄ መጣና የቆዳ ጥቅልል ላይ ተቀመጠ።

"እቱ፣ መኪና ልገዛ ነው" አለኝ።

"ጎሽ። ነዳጅ የማትጠጣ ትንሽ ነገር ፈልግ።"

"ትንሽ አልፈልግም። ጥቁሯን ነው የምገዛው።"

ጥቁሯን ሁላችንም እናውቃታለን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዳይሬክተሩን ያመላለሰባት ትልቋ መኪና ናት። ዳይሬክተሩ ሲሰናበቱ መሥሪያ ቤቱ ሸጠላቸው፤ ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ልጃቸው ሲነዳት ቆየ። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ደርሷል። ነገሩ ሲሰማ የወንድሜ ቤት ታመሰ። ትልቁ ልጁ መለዋወጫዋ ጡረታህን ይበላዋል አለው። የሚስቱ ወንድም ደግሞ በዚህ ዕድሜ ምን ጉራ ነው ብሎ አሽሟጠጠ።

ወንድሜ ሁሉንም አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ፣ "ሠላሳ አንድ ዓመት የኋላ በር ለሰው ሚስት ስከፍት ኖሬያለሁ። አሁን ለራሴ ሚስት እከፍታለሁ" አለ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ዳይሬክተሩ ፊት ሲቆም ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አሮጌ የቅንጦት መኪና ደግሞ እሺ ተብላ የምትገዛ ነገር አይደለችም። ከላይ ታብረቀርቃለች፤ ጉዷ ያለው ከምንጣፉ ሥር፣ ከቀለሙ ሥር፣ ከወንበሩ ልብስ ሥር ነው። እኔ እንጀራዬ እዚያ ሥር ስለሆነ ብዙ አይቻለሁ። "አብሬህ እሄዳለሁ" አልኩት። አልተከራከረኝም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢያቸው ደረስን። ዳይሬክተሩ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ጋዜጣ በብብታቸው ሸጉጠው ተቀበሉን። ጥቁሯ ታጥባ፣ ጎማዋ ሳይቀር ተወልውሎ፣ በረንዳው ፊት ቆማለች።

"አስነስቼ አሙቄልሃለሁ። ቁልፉ ይኸው፣ ውሰዳት" አሉት።

ወንድሜ ቁልፉን አልተቀበለም። መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና ትንሽ ቆየ።

"ሞቃለች፣ ጌታዬ።"

"እንድትመችህ ብዬ ነው እንጂ።"

"ሞተር ሲሞቅ ሕመሙን ይደብቃል። እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ።"

ዳይሬክተሩ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ወንድሜ ግን ኮፈኑን ከፍቶ፣ ነፋስ እንዲገባበት ደግፎ አቆመውና የአበባው መደብ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"በእኔ ላይ እምነት የለህም ማለት ነው?" አሉ፣ አሁን ሳቁ ጠፍቷል።

"በእርስዎ ላይ አለኝ። እሷን ግን አምስት ዓመት አላየኋትም።"

"በአራት ሰዓት ሌላ ገዢ ትመጣለች። እንዳታመልጥህ።"

"ካመለጠችም ታምልጥ።"

እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

በቆይታው የጥገና ደብተሯን ጠየቃቸው። ከመኪናዋ ኪስ አውጥተው ሰጡት። ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጦ የመጨረሻው መስመር ላይ ጣቱን አኖረ።

"ይሄ የእኔ ጽሕፈት ነው። የካምቢዮ ዘይት የቀየርኩበት ቀን። ከዚህ በኋላ ባዶ ነው።"

"ልጄ መጻፍ አይወድም።"

"ዘይት መቀየርስ ይወዳል?"

የዳይሬክተሩ ፊት ቅጭም አለ። ጋዜጣቸውን ገልጠው ተቀመጡ፤ ገጽ ሲገለብጡ ግን አላየሁም።

ወንድሜ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጣና ዙሪያዋን ሄደ። በግራ በኩል ማግኔቷ እንደ መዥገር ተጣበቀች። በቀኝ በኩል፣ ከፊት መብራቱ እስከ በሩ ድረስ፣ ባስቀመጣት ቁጥር ወደቀች። ላሜራው በስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው፤ ተጨፍልቆ ነበር፣ ተለስኖ ቀለም ተቀባ። ቀጥሎ መሬት ላይ ተንበርክኮ የፊት ጎማውን በእጁ ዳበሰ። ውጪው ሙሉ ነው፤ የውስጥ ጠርዙ ግን ተበልቶ አልቋል። "ቀጥ ብላ አትሄድም" አለኝ ቀስ ብሎ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቁልፉን ተቀበለና ገባ። ከማስነሳቱ በፊት ቁልፉን በግማሽ አዙሮ፣ "ነይ እዪ" አለኝ። ያን ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት የማስጠንቀቂያ መብራቶች ሁሉ በርተው፣ ሁሉም ደህና ከሆነ ራሳቸው ይጠፋሉ። የሞተሩ በራ፣ የፍሬኑ በራ፣ የዘይቱ በራ። የኤርባጉ፣ ያ በአደጋ ጊዜ እየተነፋ ሰው የሚያተርፈው ከረጢት መብራት፣ ጨርሶ አልበራም።

"ይበራ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ አይቼዋለሁ። አንድ ሰው ነቅሎታል" አለ።

እኔም ዓይኔ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ጠርዝ ላይ ተተከለ። እንዲህ ባሉ መኪናዎች አንዱ ከረጢት በወንበሩ ጎን ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ፋብሪካው ያቺን መስመር ብቻ ሆን ብሎ በደካማ ክር ይሰፋታል፣ ከረጢቱ ቀድዷት እንዲወጣ። ይኼኛው ግን በወፍራም ክር፣ በእጅ፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። እኔ በዚያ ክር የምሰፋው የጭነት መኪና ሸራ ነው።

"ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ፈንድቶ ያውቃል። ውስጡ ባዶ ነው፣ ከላይ ጠቅመውታል" አልኩት። "ባይፈነዳም ኖሮ ይሄ ክር አያስወጣውም።"

ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ተነሡ። "አንቺ ጨርቅ ሰፊ ነሽ። ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?"

"ስለ መኪና አልተናገርኩም፣ ጌታዬ። ስለ ስፌት ነው።"

ወንድሜ ከመኪናዋ ወጣ። በሩን እንደ ልማዱ በቀስታ ዘጋ።

"ተጋጭታለች?" አላቸው።

"ልጁ ትንሽ ነካ አድርጓት ነው። እኔም ኋላ ነው የሰማሁት። ተጠግናለች እኮ። አንተ የቤት ሰው ነህ፤ ለሌላ ከምሸጥበት ቀንሼልሃለሁ። ዝም ብለህ ውሰዳት፣ እኔ ነኝ የምልህ።"

"ሚስቴን እዚህ ወንበር ላይ ላስቀምጣት ነበር።"

"ውሰዳት አልኩህ።"

"እምቢ" አለ ወንድሜ። ጌታዬን እንኳን አልጨመረበትም።

ይሄኔ የግቢው ደወል ጮኸ። ሁለተኛዋ ገዢ ናት፤ መድኃኒት ቤት ያላት ወጣት ሴት፣ እናቷን በክንዷ ደግፋ መጣች። እናትየው ሐኪም ቤት የሚመላለሱበት መኪና ነው የምትፈልገው። ዳይሬክተሩ ወደ ወንድሜ ጠጋ ብለው፣ "አፍህን ያዝ" አሉ። እኔ ሰማሁ።

ወንድሜ ሴትዮዋ ዘንድ ሄዶ ማግኔቷን መዳፏ ላይ አኖረላት። "እህቴ፣ በቀኝ በኩል ሞክሪያት። ቁልፉንም በግማሽ አዙሪና የኤርባጉ መብራት ይበራ እንደሆነ እዪ። ካልበራ፣ እናትሽን አታስገቢ" አላት።

"ከግቢዬ ውጣ" አሉ ዳይሬክተሩ። "ያን ሁሉ ዓመት በእኔ ጥላ ሥር ኖረህ ዛሬ እንዲህ ታዋርደኛለህ?"

"እወጣለሁ። መንገዱ ግን የእርስዎ አይደለም።"

ወጣንና በሩ ማዶ ቆምን። ፀሐይ አናት ትበሳለች። እንሂድ ብለውም አልንቀሳቀስ አለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሴትዮዋ እናቷን ይዛ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። "አልበራም" አለች። ማግኔቷን መለሰችለት፤ እናትየው እጁን ይዘው መረቁት።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ገባ። የድሮ ባልደረቦቹ ውለታ ቢስ አሉት፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ ሲያየው ተሻገረ። አንድ ከሰዓት በኋላ እሱ ቤት ሳለሁ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ደወሉ። ይቅርታ ከጠየቀ ነገሩን እንደሚረሱት ነገሩት። "አይርሱት" አላቸውና ስልኩን አስቀመጠ። እንደ መቆጨት ያለ ነገር ፊቱ ላይ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሚስቱም ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ የሚጠጣ ይዛለት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

መኪናውን ግን አልተወውም። በሰባት ሳምንት ውስጥ አምስት መኪና አየን። አንዷ ከምንጣፏ ሥር ጎርፍ ያመጣው ደለል ተገኘባት። ሌላዋ ሞተሯ ላይ የተመታው ቁጥርና ሊብሬዋ ላይ ያለው አልተገናኘም። ደላሎች ከሩቅ ሲያዩት "ያ ነገረኛ ሽማግሌ መጣ" ማለት ጀመሩ። ይሰማል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ማግኔቷን ያወጣል።

ስድስተኛዋ ግራጫ ነበረች፣ የአንድ የጥርስ ሐኪም። ስንደርስ ኮፈኗ ቀዝቃዛ ነው፤ ሐኪሙ የጥገና ደረሰኞቿን በአንድ ትልቅ አቃፊ ይዞ ጠበቀን። ሳይጠየቅም፣ "ስታድር ከኋላ ዝቅ ትላለች፣ የሚደግፋት አየር የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን መልሶ ይሞላል" ብሎ ነገረን። ወንድሜ ጋራዥ አስወስዶ ከፍ አድርጎ አስፈተሻት፤ እንዳለውም ነበር። የማስጠገኛውን አስቀነሰና ገዛት።

ጥገናው ወረፋ ስለነበረው ለጥቂት ቀናት እንዲያው ነዳት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ ቂጧ መሬት ሊነካ የደረሰውን መኪና አየና፣ "ጉድ ሆንክ፣ ጋሼ። አታለሉህ" አለው።

ወንድሜ መስተዋቱን እየወለወለ ነበር። እጁን አላቆመም።

"ማንም አላታለለኝም። እንደምትሰምጥ አውቄ ነው የገዛኋት" አለና ሞተሩን አስነሣ። መኪናዋ ቀስ እያለች ከኋላዋ ተነሣች።