የጋሽ ተክላይ ካርቶን

«ብሩሽና ተስፋ» የተባለው ድርጅት ጎዳና ለሚያድሩ ሰዎች ሥዕል ያስተምራል። ለሆዳቸው ሳይሆን ለነፍሳቸው ነው አሉ። ይህን ያለው ሥራ አስኪያጁ ሲሞን ነው፤ ያውም ምሳውን በልቶ ሲመለስ። እኔ ለልምምድ የተላክሁ ተማሪ ነኝ፤ ሥራዬም ብሩሽ ማጠብና ሲሞን ሲናገር ራሴን መነቅነቅ ነበር።

ቢሯችን ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቸርችል ሲወረድ የሚገኝ አሮጌ ቤት ነው፤ በረንዳ አለው። ፒያሳ አብዛኛው ከፈረሰ ወዲህ በረንዳ ብርቅ ሆኗል። ስለዚህ አዳሪዎቹ የማይጣስ ደንብ አላቸው፦ ካርቶንህ የተነጠፈበት ቦታ ያንተ ነው፤ ካርቶንህ ከተነሳ የቀደመ ይወስደዋል። በእኛ በረንዳ ዝናብ የማይደርስበትን ጥግ ለዓመታት የያዙት ጋሽ ተክላይ ናቸው። ሥዕል ይማሩ ሲባሉ «እጄ ይንቀጠቀጣል» ብለው ሻዩን ብቻ ጠጥተው የሚወጡ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ሲወጡ ካርቶናቸውን እዚያው ትተው ይሄዳሉ፤ ማንም አይነካባቸውም።

ሐምሌ ላይ ለረጂዎች ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። ሲሞን ግን ሥዕሎቹን ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ተማሪዎቻችን የሚስሉት ቪላ፣ ሠርግና የተጠበሰ ዶሮ ነው። «ሕመሙ የታለ?» ይላል። «ረጂ ዶሮ ለማየት አይመጣም!» በመክፈቻው ዕለት ጠዋት ሕመሙን በረንዳው ላይ አገኘው። የጋሽ ተክላይ ካርቶን ነበር፤ እርጥበት ያጠቆረው፣ ገላቸው ያጎደጎደው የፍሪጅ ካርቶን። የሲሞን ዓይን እንባ አቀረረ።

«ይሄ እኮ መኝታቸው ነው» አልኩት።

«ትክክል! አየሽ፣ ገብቶሻል» አለኝ።

በፍሬም አድርጎ ሰቀለው፤ ከሥሩም «ዝምታ» የሚል ርዕስ ለጠፈበት።

ከሰዓት ጋሽ ተክላይ ሲመለሱ ጥጉ ላይ የሌላ ሰው ካርቶን ተነጥፏል፤ ሰውዬውም ተጋድሞበታል። አልተጣሉም፤ ደንብ ደንብ ነው። ወደ ጥበቃው ወደ ገብረዮሐንስ ዞሩ፤ እሱም አፍሮ በአገጩ ወደ ውስጥ አመለከታቸው። እንግዶቹ ጁስ ይዘው በቆሙበት ሰተት ብለው ገቡና ካርቶናቸውን ፈልገው አገኙ። ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሥሩ ወለሉ ላይ ጋደም አሉ።

እንግዶቹ ጁሳቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ። አንዲት ረጂ አለቀሰች። ሲሞን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ፤ እሱ የተጋደመ ይመስል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ግን ጋሽ ተክላይ አልተነሱም።

«ጋሼ፣ አልቋል እኮ» አላቸው ሲሞን።

«ካርቶኔ እዚህ ነው። ቦታዬም እዚህ ነው።»

«እኛ የማደሪያ ፕሮግራም የለንም፤ የእኛ ኪነ ጥበብ ነው።»

«እኔስ ኪነ ጥበብ መቼ ነበረኝ? አንተ አይደለህ የሰቀልከው!»

ሲሞን ገብረዮሐንስን ጠርቶ «አስወጣቸው» አለው። ገብረዮሐንስ ካርቶኑን ቀና ብሎ አየ።

«ከካርቶኑ ሥር ሰው አላስነሳም፤ ከፈለጉ እርስዎ ያስነሱ።»

ደስ አለኝ። በልምምድ ዘመኔ ከልቤ ራሴን የነቀነቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሌሎች ረጂዎች መጡ። ጋሽ ተክላይ ያንኮራፋሉ። ሲሞን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ቀስ በሉ፤ ሥራ ላይ ናቸው» አላቸው። ረጂዎቹም ድምፅ እንዳያሰሙ ተጠንቅቀው ፎቶ አነሱና ወጡ።

ጋሽ ተክላይ አንድ ዓይናቸውን ከፈት አድርገው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገራችሁ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ዓርብ ነው፣ ጋሼ።»

ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ዝናብ ትንሽ አዳመጡ።

«ክረምቱስ?»