የማይቀበር ተክል

«ቤት እንዲህ ጭር ማለት የለበትም!» አለ አጎትየው። ውሃና አንድ ትልቅ ዓሣ የያዘ ፌስታል አንጠልጥሎ በለቀስተኞቹ ጉልበት መሀል እየተሽሎከሎከ ወደ ጥጉ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ለእንግዶቹ ሻይ እየቀዳች ነበር። ፔርሙሱን አስቀምጣ «ጋሼ፣ ይቆዩ እስቲ» ከማለቷ፣ ፌስታሉ ተፈታና ዓሣው ቧ ብሎ የሟች ወንድሟ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ገባ።

«ይኸዋ! አሁን ገና ገንዳ መሰለ። ልጁ እኮ ሣር ነው ያበቀለበት።»

ለቀስተኞቹ ሳቃቸው እንዳይታይ አቀረቀሩ። ዓሣው ብርቱካናማ፣ መዳፍ የሚያህል፣ አፈ ሰፊ ነበር። ገንዳው ውስጥ የነበሩት ስድስት ትንንሽ ዓሦች ቀያይ ጭራቸውን እያወዛወዙ ከቅጠሎቹ ኋላ ተደበቁ። ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። ግን ሰውየው የአባቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ የቀብሩን ነገር ላይ ታች ብሎ ያስፈጸመ፣ ወንበሩን ሁሉ በመኪናው ያስመጣ እሱ ነው። ሆድ ከአገር ይሰፋል ብላ ዋጥ አደረገችውና ሻይዋን መቅዳት ቀጠለች።

ወንድሟ መስታወት ቆራጭ ነበር። ገንዳውን ከወፍራም መስታወት ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ አጣብቆ የሠራው ለእሷ ነው። «ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ እንዳፈጠጥሽ ዓይንሽን ልታጠፊው ነው። ቀና ስትዪ የምታዪው ነገር ይኑርሽ» ብሎ ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት አስቀመጠው። ጠጠር አነጠፈ፣ ውሃ ሞላ፣ ተክል አስገባ፤ ከዚያ ሳምንት በሳምንት ላይ ሲጨመር ዝም።

«ዓሣውስ?» ትለዋለች።

«ውሃው ይልመዳ! አዲስ ውሃ ውስጥ ዓሣ መክተት ማለት ቀለሙ ያልደረቀ ክፍል ውስጥ ሕፃን ማስተኛት ነው።»

በመጨረሻ ዓሣ መሸጫው ወሰዳት። እሷ ጨርቅ ተራ የገባች መስሏት ያየችውን ሁሉ በጣቷ ጠቆመች። ይሄን! ያንንም! ያ ቀሚሱን የሚጎትተውንም! «ቀሚሳሙ ጉረኛ ነው፤ መሰሉን ካየ ይቦጫጨቃል» አላት እየሳቀ። ብርቱካናማውን ስታሳየው ግን ሳቁን ተወ።

«አፉን ተመልከቺ። ዓሣ ሲመረጥ ከቀለሙ በፊት አፉ ነው የሚታየው። አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አፈጣጠሩ ነው። ክፉው ከትንንሾቹ ጋር የሚከተው ሰው ነው።»

ስለዚህ ባለ ቀይ ጭራዎቹን ገዙ። ስድስት አድርጎ የገዛቸው ለብቻቸው ከሆኑ በፍርሃት ስለሚያልቁ ነው። ቤት ሲደርሱ አንድ ተክል ከኪሱ አወጣ፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ግንዱ እንደ ዝንጅብል አግድም የሚሄድ። «ይሄን ጠጠር ውስጥ እንዳትቀብሪው፣ ግንዱ ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ ነው የሚታሰረው» አላት። እሷ ክር አመጣች፣ ጠመጠመች፣ ቋጠሮው ላይ ስትደርስ «ያዝልኝ» አለችው። መስታወት የተለተለውን ጣቱን ክሩ ላይ አሳረፈላት። «አየሽ፣ ውሃ ውስጥም ደንበኛ አገኘሽ» ብሎ አሾፈባት።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። የእሷን ወንድም ግን ሞቶም አሳጠሩት። ዓሣው ገንዳ በገባ በማግስቱ ሻይ ይዛ ስትመለስ አጎትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ያወራል።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ከሰው አይስማማም ነበር። እኔ ዘንድ ስንት ዓመት ሠርቶ አንድ ቀን አኩርፎ ውልቅ! ይኸው ከዓሣ ጋር ሲያወራ ቀረ።»

«እሱስ ዝምተኛ ነበር» አለ አንዱ ራሱን እየነቀነቀ።

ትሪውን አስቀመጠች። አኩርፎ! የአጎትየው መስታወት ቤት ለአንድ ትምህርት ቤት በሮች ሲሠራ፣ ወፍራም መስታወት ሊገጥም ተዋውሎ ወንድሟን ቀጭኑን ግጠም አለው። ወንድሟ «ልጅ ሮጦ ቢመታውስ?» ብሎ ጠየቀ። «አንተን ቁረጥ እንጂ አስብ ያለህ አለ?» አለው አጎትየው። ወንድሟ መቁረጫውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ በሩን ሌላ ሰው ገጠመው። ይህን የነገረው ለእሷ ብቻ ነው። ተናገር እንጂ ብትለው «አጎቴ ነው፣ እኔ ስሙን በክፉ አላነሳም። መስታወቱን እንዲቀይር ራሱን እለምነዋለሁ» አለ። ሲለምነው ኖሮ፣ መስታወቱ ሳይቀየር፣ አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለ ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ። እና አሁን ዝም ያለው ሰው ነው ጠባየ ብልሹ የሚባለው!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቀስተኛው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ገንዳውን ጠጋ ብላ አየች። ቀይ ጭራ ያላቸው ሁለት ብቻ ቀርተዋል። ብርቱካናማው መሀል ላይ ሆድ አውጥቶ ይንጎራደዳል። ድንጋዩ ራቁቱን ነው፣ ተክሉ የለም።

«እኔ ነኝ» አለች የአጎትየው ሚስት ከኋላዋ መጥታ። «ሥሩ ተራቁቶ አሳዘነኝና ጠጠሩ ውስጥ ቀበርኩልሽ።»

ልብስ ሰፊዋ የፓስታ ማጥለያና ውሃ የያዘ ባልዲ ከማድ ቤት አመጣች። ትልቁን ዓሣ ጥግ አስይዛ አፈሰችው፣ ባልዲ ውስጥ ከተተችው፣ ባልዲውን አጎትየው እግር ሥር ዱብ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ዓሣዎን ይዘው ይሂዱ።»

«ምን አልሽ?»

«ያመጡት እንግዳ አራቱን በልቷል። ወንድሜ ከሰው አይስማማም አይደል ያሉት? እሱ የማይስማሙትን አንድ ላይ አይከትም ነበር! ለልጆች በርም ቀጭን መስታወት አይገጥምም ነበር! ከእርስዎ የተጣላው በዚህ ነው፣ ሌላ ጠብ የለውም!»



«በለቅሶ ቀን?» አለ አጎትየው ዙሪያውን እያየ። «ለዓሣ ብለሽ አጎትሽን?»

«እሱ በሕይወት እያለ አክብሮዎት ዝም አለ። እርስዎ ግን ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ስሙን በክፉ አነሱ። እኔ ዝም አልልም!»

ግድግዳው ሥር የተቀመጠች ጎረቤት የሻይ ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች። ልጇ በዚህ ዓመት ነው ትምህርት የጀመረው።

«የቱ ትምህርት ቤት ነው?» አለች። «እርስዎን እኮ ነው የምጠይቀው፣ የቱ ነው?»

አጎትየው «ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቷል» ብሎ ለመሳቅ ሞከረ፤ ከእሱ ጋር የሳቀ ግን አልነበረም። ባልዲውን አንስቶ ወጣ። ውሃው ጫማው ላይ እየተደፋ ደረጃውን ሲወርድ፣ ጎረቤትየዋ ነጠላ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ «መልስ ይስጡኝ እንጂ!» እያለች ተከተለችው። ከእሷ ኋላ ልጅ የሚያስተምሩ ሁለት አባቶች ተነሡ።

ሚስትየዋ አልሄደችም። «ተክሉን ገደልኩት?» አለች።

«አያውቁም ነበር፣ እትዬ።»

ልብስ ሰፊዋ የጥቁር ልብሷን እጅጌ እስከ ክንዷ ሰብስባ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። ጠጠሩን ጫረች፣ ግንዱን በቀስታ አወጣችው፣ አንድ ጫፉ መለስለስ ጀምሯል። እሱን በመቀስ ቆረጠች። ድንጋዩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ከስፌት መኪናው ክር መዝዛ ጠመጠመች፣ አንዴ አዞረች፣ ሁለቴ አዞረች፣ ቋጠሮው ላይ ደረሰች።

«ያዝልኝ» አለች፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ።

ሚስትየዋ እጇን ልትዘረጋ አለችና ለእሷ እንዳልተባለ ገብቷት መለሰችው። ልብስ ሰፊዋ ክሩን በሁለት እጇ ወጠረች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በጥርሷ ጠበቅ አደረገችው።