አየር ያጣው የፈረንሳይ ሞተር

አቢሶ ያልዋሸበት ቀን ቢፈለግ የተወለደበት ዕለት ብቻ ይገኛል፤ ያን ዕለትም ያለቀሰው ለቀልድ ነበር ይባላል። ስለዚህ እህቱ በለጥሽና ባሏ አጵሎስ ደቡብ አፍሪካ፣ ዛንድስፕሩት ሰፈር ለከፈቱት ስፓዛ፣ ለሰፈር ሱቃቸው፣ ያንን ሞተር ሲገዙ፣ "ይሄ ነገር ሰው ይበላል" ቢላቸው ሳቁበት እንጂ ማን ይሰማዋል።

ሞተሩ የአውሮፕላን ነው። ፈረንሳዮች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሠሩት፣ አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩለት፣ ውኃ የማያውቅ፣ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ። ያሮጌ ብረት ሻጩ ነጭ ሽማግሌ ያለውን አቢሶ በገዛ ጆሮው ሰምቷል።

"ብዙ ተስፋ የተጣለበት ሞተር ነበር" አለ ሽማግሌው። "ሙከራ ቤት ውስጥ ትልቅ ማራገቢያ ፊቱ አቁመውለት እንደ ሰዓት ሠራ። አውሮፕላኑ አፍንጫ ውስጥ ሲከቱት ግን ፊተኞቹ ሲሊንደሮች ነፋሱን ጨርሰው ለኋለኛው አያተርፉለትም። እሱ ይግላል፣ ጭሱ ይከፋል፣ በመጨረሻ ይነክሳል፣ ብረት ከብረት ተጣብቆ ይቆማል። ሊያስተካክሉት ሲሉ ጀርመን ገባ፤ ፋብሪካው በሌላ እጅ ወደቀ፣ ገበያውንም ሌሎች ወሰዱት። ሜዳ ላይ ካልሆነ እንዳታስነሱት።"

አቢሶ ይህን እንደሰማው ቢናገር ምን ነበረበት? እሱ ግን ቅመም ጨመረበት። ሞተሩ ሦስት አብራሪ፣ አንድ ጄኔራልና የጄኔራሉን በቅሎ በልቷል አለ።

አጵሎስ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "አማቼ፣ በቅሎዋ አውሮፕላን ላይ ምን ልትሠራ ወጣች?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ትኬት ነበራት።"

በቃ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸለዩበት፣ መብራት እንዲሰጥ ከዳይናሞ ጋር ታሰረ፣ ጭሱም በቱቦ በጓሮው ግድግዳ ወጣ። በሩ ክፍት ሆኖ ሲሠራ እውነትም ደህና ሠራ።

መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የውጭ ሰው ሱቅ ይዘጋ የሚል ሰልፍ በላይኛው መንገድ መጣ። አቢሶ ቤንዚን ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ የብረት መዝጊያው ወርዷል፤ የሞተሩ ድምፅ ከውስጥ ታፍኖ ይሰማል። በጓሮ ዞሮ ቢያይ የጭሱ ቱቦ ወደ ውስጥ ተስቧል። ቀዳዳውም ከውስጥ በዱቄት ጆንያ ተጠቅጥቋል፤ ሰልፈኛው ድምፁን ሰምቶ ሰው እንዳለ እንዳያውቅ። ሞተሩን እንዳያጠፉት ደግሞ ፍሪጁ ሙሉ ዶሮ ነው።

ጀሪካኑን ጥሎ ስልክ ደወለ።

"በለጡ፣ ሞተሩን አጥፉት።"

"አቢሶዬ… ራሴን ያመኛል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ ቆይ ትንሽ ልተኛ።"

"እንዳትተኚ። ተነሽ፣ ክፈቺ።"

ስልኩን አጵሎስ ተቀበላት። ምላሱ ከብዶታል። "ባለፈው ሳምንት ፖሊስ ነኝ ብለህ አስከፈትከኝ። ዛሬ ደግሞ… በቅሎዋ መጣች?" ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። ስልኩ አልተዘጋም፤ ሞተሩ ብቻ በውስጡ ያስላል።

አቢሶ መዝጊያውን በእርግጫ ደበደበው። ሰልፍ ባለበት ቀን ለወንድም ድምፅ እንኳ እንደማይከፈት ያውቃል፤ ሌባ የሰው ወንድም ይዞ ያስጠራልና የስፓዛ ሰው ሁሉ ሕግ ይሄ ነው። ብረቱ ሦስት ዘረፋ የቻለ ብረት ነው። አሁን ከውስጥ የሚመልስ የለም።

የሰልፉ ዘፈን ማዕዘኑን ዞረ። ከፊት ቲቶ አለ፣ በየጠዋቱ ከበለጥሽ ዳቦ የሚገዛው፤ በእጁ ፌሮ ይዟል። አቢሶ ሊሸሽ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ዞሮ ወደ እነሱ ሮጠ።

"ቲቶ፣ ያ ሱቅ የኛ ነው። ዶሮ ሙሉ ነው። ስበሩት።"

ቲቶ ቆሞ አየው። "ማይ ፍሬንድ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?"

"ቀልድ አይደለም። እህቴ ውስጥ ናት፣ እየሞተች ነው።"

ዶሮውን ይመኑ እህቱን አይታወቅም፤ ብቻ ሃያ እጅ ብረቱን ያዘው። መዝጊያው ሲገነጠል የወጣው ጭስ ፊተኞቹን እያሳለ መለሳቸው። አቢሶ አጎንብሶ ገባ፤ በለጥሽን በብብቷ ይዞ ጎተተ። ቲቶ አጵሎስን በእግሩ ሳበው። ሌላው ሰው በላያቸው እየተሻገረ ስኳርና ዘይት ያወጣል። ውስጥ ሞተሩ ነክሶ ቆመ።

በለጥሽ አስመለሳት፣ ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። አጵሎስ ቆይቶ ነቃ። የሰባት ዓመት ልፋቱ፣ መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሎ፣ በሰው ራስ ላይ ቁልቁል ይወርዳል።

"ማን ነው የጠራቸው?" አለ።

አቢሶ አፉ ላይ ሦስት ውሸት መጡለት። ሦስቱም የሚታመኑ ነበሩ።

"እኔ ነኝ።"

አጵሎስ ሱቁን አየ፤ ሚስቱን አየ።

"ይቺን እንኳ ብትዋሸኝ ምናለበት" አለ።