ሁለት ነቀርሳ

ሐኪሞቻችን አንድ ክፉ ልማድ አላቸው፤ ቲቢንም ካንሰርንም «ነቀርሳ» ይላሉ። ቃል ምን ያደርጋል የሚል ሰው ካለ ወሎ ጎብዬ ወርዶ አላምረውን ይጠይቅ።

አላምረው ማሽላ አራሽ ነው። ወገቡን ሲያመው ከርሞ ማጎንበስ ሲያቅተው፣ አንድ ክሊኒክ ራጅ ብቻ አይቶ «የአጥንት ነቀርሳ» አለና የቲቢ ኪኒን አስጀመረው። ከአጥንቱ ቁራጭ ወስዶ ያየ የለም። ኪኒኑን ሳያጓድል ዋጠ፤ ሕመሙ ግን ባሰበት፣ እግሩም ይደነዝዝ ጀመር። ሚስቱ ማሚቴ ደሴ ወሰደችው፤ ናሙናው የተወሰደው ያኔ ነው።

ናሙናውን የመረመረችው ዶክተር ዮርዳኖስ አላምረው ማሽላውን የሚሸጥለት የዋጃው እህል ነጋዴ የግርማይ ልጅ ናት። አጥንቱ በፕላዝማ ሴሎች ተሞልቷል፤ ፀረ እንግዳ አካል እያመረቱ በሽታን የሚከላከሉልን ሴሎች ናቸው። ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ሲኖር ይበዛሉ፤ ራሳቸው ካንሰር ሲሆኑም ይበዛሉ። መልካቸውን አይቶ ብቻ መፍረድ አይቻልም። እያንዳንዱ ሴል ግን ከሁለት ምልክቶች አንዱን ይይዛል፤ ስለዚህ የትኛውን እንደያዙ እየለየ በሚያቀልም የላቦራቶሪ ፀረ እንግዳ አካል እንዲመረመር ናሙናውን አዲስ አበባ ላከችው። ባልና ሚስቱ ጎብዬ ተመልሰው ጠበቁ።

ውጤቱ ሲደርሳት ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ማሚቴ ናት። ዮርዳኖስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ነቀርሳ መሆኑ ተረጋገጠ አለቻት።

«ተመስገን» አለች ማሚቴ። «እሱንማ ድሮም ብለውናል። ኪኒኑን እየዋጠ አይደል እንዴ!»

ይህን የማሚቴ አላዋቂነት ነው የሚል ካለ እጣላዋለሁ። ያን ያህል ተለፍቶ የተለየውን በሽታ፣ አንድ ቃል መልሶ ደባለቀው።

ዮርዳኖስ አላምረውን አቅርቢልኝ አለች።

«አያ አላምረው፣ ቀይና ነጭ ማሽላ ደባልቀው ቢዘሩ ምን ይበቅላል?»

«ቀይና ነጭ ነዋ። ደሴ ገብተሽ ማሽላም ረሳሽ፣ የግርማይ ልጅ?»

«ማሳው ሙሉ ቀይ ብቻ ቢሆንስ?»

«ዘሩ ከአንድ ዛላ ነው።»

ያኔ ነገረችው። ኢንፌክሽን የሚያበዛቸው ሴሎች እንደ ድብልቅ ዘር ናቸው፤ ገሚሱ አንደኛውን ምልክት፣ ገሚሱ ሌላኛውን ይይዛል። የእሱ ግን በአንደኛው ቀለም ቡናማ ሆነዋል፣ ሌላኛው ቀለም አልያዛቸውም። ከአንዲት ሴል የተባዙ ናቸው፤ ካንሰር ነው። የቲቢው ኪኒን አይነካውም። ጨርሶ ባያድንም የሚያስታግስና ዕድሜ የሚጨምር መድኃኒት አለ፤ እግሩ ሽባ ሳይሆን መጀመር አለበት።



«ታዲያ አንቺም ለምን ነቀርሳ አልሽ?» አላት አላምረው።

«እንዳይከብዳችሁ ብዬ።»

«አቀለልሽውና ከመድኃኒቱ ልታስቀሪኝ ነበር» አላት፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም።

በማግስቱ የደሴ ሚኒባስ ሲጠብቁ አንድ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ጠየቀ። ማሚቴ አንገቷን ደፍታ «ያው ነቀርሳ...» ብላ ጀመረች።

«ካንሰር በይ» አላት አላምረው፤ ክንዷን ይዞ ወደ መኪናው ወጣ።