ሦስታችንም በአንድ ሆድ

...አምስት ከአራት መቶ፣ ነርሷ አንዴ ነው ያለችው፣ እኔ ግን ከጤና ጣቢያው እስከ ሰፈራችን አል-ጣኢፍ በሪክሻ ስንንገጫገጭ ስንቴ እንዳልኩት አላህ ይወቀው፣ አምስት ኪሎ ከአራት መቶ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት አራት ከዘጠኝ መቶ ነበረች፣ ሚዛኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን እስቲ ድገሚልኝ ስላት ሳቀችብኝ፣ ያ ቢቲ፣ አንቺ ልጅ፣ ሚዛኑም ደህና ነው ልጅሽም ደህና ናት፣ ያላ የሚቀጥለው ይግባ። ደህና ናት። ኒዕማዬ ደህና ናት፣ አልገደልኳትም።

በሩን ራሳቸው ነው የከፈቱልኝ፣ ዶክቶራ ኢቅባል፣ አሠሪዬ ናቸው፣ ስሙ ነው እንጂ ከጦርነቱ ወዲህ አሠሪና ሠራተኛ የሚባለውን ሁለታችንም ረስተነዋል፣ ከተማው ተዘግቶ ባሌ ሳዲቅ ከበጎ አድራጊዎች ድስት ተሰልፎ የሚያመጣትን አንድ ሳህን ምስር ለሦስት እየተካፈልን፣ እኔ ደግሞ አርግዤ፣ ማን ማንን ያዛል ያኔ። እንዴት ሆነች? አሉኝ፣ አምስት ከአራት መቶ አልኳቸው፣ ሐምዱሊላህ ብለው ከነአቧራዬ አቀፉኝ፣ ወዲያው ደግሞ ኮስተር፣ ሁለተኛ እንደዚያ ብታደርጊ ወላሂ እኔ ነኝ የምገርፍሽ። ይግረፉኝ። ዛሬ ቢገርፉኝም ደስ ይለኛል።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከደረቅ ዳቦ ነው። አንሶላ እንቀይር ብለው ፍራሼን ሲያነሱ አሥራ አንድ ዳቦ፣ ድንጋይ የሆነ፣ ፋሪሃ ይሄ ምንድነው? ምን ልበል፣ ከተማው ከተከፈተ ስንት ወሩ፣ ዳቦ ቤቱ ማዶ ነው፣ እጄ ግን አይታዘዘኝም፣ ይደብቃል፣ እናቴም እንደዚሁ ነበረች፣ ቆሎ በመቀነቷ ቋጥራ ትተኛ ነበር፣ አፈር ይቅለላትና ስትገነዝ እንኳ ከመቀነቷ ሽንብራ ረገፈ። ይሄን ስነግራቸው አልጋዬ ላይ ቁጭ አሉ፣ ሠላሳ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ ካመማቸው ነገር ሁሉ ትምህርት ይወጣቸዋል፣ እናትሽ አንቺን ያረገዘችው በወሎው ረሃብ ነው አይደል? አዎ፣ በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን። እንግዲህ ኒዕማ የተፀነሰችባት እንቁላል ያኔ ነው የተሠራችው፣ አንቺ ገና እናትሽ ማህፀን ሳለሽ፣ ሦስታችሁም በአንድ ሆድ አብራችሁ ተርባችኋል፣ ሕዋስ ደግሞ ያስታውሳል ያ ቢቲ፣ ያየውን ለሚተካው ያወርሳል። ኒዕማ አለቀሰች፣ ብድግ ብዬ ሄድኩ፣ የነገሩን ግማሽ ብቻ ይዤ።

ምናለ ብቀመጥ። ምናለ አንድ ደቂቃ ባስለቅሳት። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል ሰምቼ ያደግሁ፣ እንትና ተንኮልን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው ሲባል ያደግሁ፣ ረሃብ በምን ይወረሳል ብዬ ማን ልጠይቅ፣ በጡት ነዋ! እኔን የያዘኝ ወደ እሷ እንዳያልፍ ብዬ። ደረቴን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት፣ ዘጠኝ ቀን፣ የቆርቆሮ ወተት በጡጦ፣ ስታለቅስ የእኔ ወተት በሻሹ ላይ ይፈሳል፣ እሷ ጡጦውን በምላሷ ትገፋለች፣ ኋላም አስቀመጣት፣ አንገቷ ቀጠነ፣ ሳዲቅ ወተትሽ ደረቀ እንዴ ሲለኝ ደረቀ አልኩት፣ ዋሸሁት፣ ከረሃብ አድናታለሁ ብዬ በገዛ እጄ አስራብኳት። ሞኝ። ደንቆሮ። እናት ነኝ ባይ።

ዶክቶራ ሻሹን ሲያዩ የጮኹት ጩኸት እስከ ጎረቤት ሰፈር እስከ ሪያድ ሳይሰማ አይቀርም፣ በጡት ነው ብሎ ማን ነገረሽ! ኋላ ወረቀት አመጡ፣ በዓረብኛ የልጄን ስም ጻፉ፣ ይኸው፣ ዘርም እንደ ጽሑፍ ነው፣ ፊደሉ ፊደል ነው፣ ረሃብ አይነካውም፣ ከላይና ከታች ያለችው ሐረካ ናት የምትቀየረው፣ ይሄን ጮክ ብለህ አንብብ፣ ይሄን ዝለለው የምትለዋ ምልክት፣ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ፊደሉን ከነምልክቱ ይገለብጣል፣ ለዚህ ነው የጉበት ሕዋስ ልጅ ጉበት የሚሆነው። አዲስ ሰው ሲጀመር ግን አብዛኛው ምልክት ይጠፋና እንደገና ይጻፋል። ሁሉም? አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። አንዳንዱ ሳይጠፋ ያመልጥ ይሆናል፣ በአይጥ አይተናል፣ በሰው ገና እርግጠኛ አይደለንም፣ ማሊሽ፣ ይቅርታ፣ የማላውቀውን አውቃለሁ አልልሽም፣ ወተትሽ ግን ረሃብ አያወርስም፣ ኸላስ፣ ፍቺው። ይሄ አላውቅም ያሉት ነው ያሳረፈኝ፣ ገና ያልታወቀ ነገር ገና አልተፈረደማ። ሻሹን ፈታሁት፣ ሒልባ እያፈሉ አጠጡኝ፣ አብሽ፣ ያው የእኛው አብሽ፣ ወተቱም ቀስ እያለ፣ አኩርፎ እንደከረመ ሰው፣ ተመለሰ።

አሁን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነን፣ እሷና እኔ፣ ዶክቶራ ሳሎን ውስጥ ለሳዲቅ በስልክ እየነገሩ ነው፣ አምስት ከአራት መቶ፣ እሳቸውም እንደኔ ይደጋግሙታል። ትጠባለች፣ እንደ ድሮዋ፣ ሁለት እጇን ጨብጣ፣ የሚቀማት ያለ ይመስል፣ ከተወለደች ጀምሮ እንደዚህ ናት፣ ይሄን አጨባበጧን ባየሁ ቁጥር እናቴን ነበር የማየው፣ መቀነቷን ይዛ። ቀስ በይ ልጄ፣ ማንም አይወስድብሽም፣ ቀስ...

መጥባቷን አቆመች። ምን ሆነች? አላመማትም፣ ትተነፍሳለች። አንደኛዋ እጅ ተከፈተች፣ ጣቶቿ ደረቴ ላይ ተዘረጉ፣ ጡቱንም ለቀቀችው፣ ከነወተቱ፣ እንኪ ጨምሪ ብዬ መልሼ ባቀርብላት ፊቷን አዞረች። እምቢ አለች። እናቴ እስክትሞት በቃኝ ስትል አልሰማሁም፣ እኔም ብዬ አላውቅም፣ ይቺ የአምስት ወር ልጅ ግን፣ አሁን፣ እየጠባች ሳለ፣ በቃኝ አለች። የተረፈው በአገጯ ይወርዳል፣ ልብሴን ያርሳል፣ እጄ ሊሰበስበው ተነሳ። ተዪው ፋሪሃ።

ይፍሰስ።