«ተምረሃል»

ንዴቴ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነቃው። አናጺ ነኝ፤ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንድ ጠረጴዛ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተናል። አንድ ቀን «ማጠፊያው ጠሟል» ቢለኝ መዶሻውን ወረወርኩ። እጁን መታው። ሁለት ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም።

ጥዬ ወጣሁ። ሌላ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን መሥራት ጀመርኩ፤ ለራሴም ቃል ገባሁ፦ መቶ ቀን ሳልቆጣ ከዋልኩ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፣ ያኔም እቆርባለሁ። ይህን አመል ይዤማ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ ምላሴን ነከስኩ። ሠላሳ ስደርስ አንዱ ደንበኛ ይመጣና «ይሄ በር እኮ አይዘጋም» ይለኛል፤ እጮህበታለሁ፤ እንደገና ከአንድ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሠላሳ ስምንት አላለፍኩም። እግዜር ዝም ብሎ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

በመሃል ወንድሜ ወረቀት ላከ። ሁለት ቃል ብቻ፦ «ተምረሃል። ና።»

ደሜ ፈላ። እሱ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ፣ እኔ ከአራተኛ ያቋረጥኩ፤ ደግሞ ተምረሃል ይለኛል! ቀደድኩት።

ዛሬ ሚስቱ መጣች። «ከጻፈልህ እኮ ስምንት ወሩ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ማሾፍ ካማረው ፊት ለፊት ያሹፍ። አለመማሬን አጥቶት ነው?»

ትክ ብላ አየችኝ። «ምሬሃለሁ ነው እኮ ያለህ፣ አንተ ሰው! እጁ በፋሻ ሳይታሸግ ነው የማረህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አንተ ወረቀቱን ቀደህ ሞኝነቱን ያዝክ።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ እውነቴን ነው። «ታዲያ ያ ሁሉ ልፋቴ?»

«ልፋትህን ማን ጠላው? ከእሱ ጋር ሆነህ አትለፋም ነበር?»

ተከትያት ሄድኩ፤ መንገድ ላይ ነው የገባኝ። እግዜርንም እንዲሁ ታጥቤ ልምጣ እያልኩ ሳስጠብቀው ኖሬያለሁ፤ ውኃው ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ወንድሜ ሳንቃ እየላገ ነበር። ደጁ ላይ ቆሜ «ጋሼ፣ ገና አልተሻለኝም። ትናንት እንኳ ጮኼአለሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግባና ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዝኩለት። ቀና ሳይል «መዶሻውንስ ያኔውኑ ረሳሁት» አለ። «ሁለት ዓመት ብቻዬን መተውህ ነው ያመመኝ።»

ሳንቃውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።